ቤቱን ከማዶ ያየው ሰው

አንድ ሰው ነበረ።

ጥያቄሽን ሰምቼዋለሁ፣ ልጄ አንጓች። አገራችን ውብ ናት ወይ ብለሽኛል። ከተማ አብረውሽ የሚማሩት ልጆች ጠይቀውሽ የምትመልሺው አጣሽ። ትናንት ማዶ ከመኪና ወርደሽ ያነሳሽውን ፎቶም በስልክሽ አሳይተሽኛል። መልሱን መጨረሻ ላይ ታገኚዋለሽ። አሁን ዝም ብለሽ ስሚኝ።

አንድ ሰው ነበረ። ገበሬ ነው። ቤቱ እንደኛው ቤት ከገደል አፋፍ ላይ ነው። ከቤቱ በታች ማሳው፣ ከማሳው በታች ገደሉ፣ ከገደሉ ወዲያ የማዶው ተራራ። ድምፅ ወዲያና ወዲህ ይሻገራል። እግር ግን ቁልቁል ወርዶ፣ ወንዙን በእንጨት ድልድይ አልፎ፣ እንደገና ዳገት ወጥቶ ማዶ እስኪደርስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ሰውየው ሚስት አለችው። ልጅ የላቸውም። ጥንድ በሬ አለው፤ አንዱ መጋል፣ ቀላ ያለ ነው፤ ሌላው ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ቦራ የሚሉት። በልጅነቱ ከካብ ላይ ወድቆ ስለነበር ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ሌላ የሚነገርለት ነገር የለም። እንደማንም ገበሬ ነው።

የዚያ አገር ሰዎች አንድ ደንብ አላቸው። ሰው ከማዶ ቢጠራሽ በመጀመሪያው ጥሪ አትመልሺም። በሁለተኛውም አትመልሺም። የያዝሽውን ሥራ አቁመሽ ትጠብቂያለሽ። በሦስተኛው ጥሪ ጠሪው የራሱን ስም ይናገራል። ያን ጊዜ አቤት ትያለሽ። ቀትር ላይ ገደል ለገደል የሚጣራው ሁሉ ሰው አይደለም ይላሉ። ሰው ያልሆነው የሰው ስም መጥራት ያውቃል፤ የራሱን ስም ግን አይናገርም። እናትሽ እስከ ዛሬ እንደዚያው ናት። አይተሻታል።

አንድ ዓመት በሰኔ መጨረሻ አንድ መንገደኛ ዝናብ ይዞት ከእነዚህ ሰዎች ቤት ተጠለለ። ያለውን አቀረቡለት። በልቶ ሲያበቃ ትናንት ማዶ አድሮ እንደነበረ፣ ጠዋት ይህን ቤት ከዚያ ሆኖ እንዳየው ነገራቸው። በብዙ አገር ዞሬአለሁ፣ እንዲህ የሚያምር ቦታ አላየሁም አላቸው። እዚያ የሚኖር ሰው እንዴት የታደለ ነው ብዬ ቆሜ ቀረሁ አላቸው።

ሰውየው ቤቱን ዞሮ አየ። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል። ጣሪያው አንድ ቦታ ስለሚያፈስ ከሥሩ ድስት ተቀምጧል። እንግዳው የሚቀልድበት መሰለው። ሚስቱ ግን ሳቀች።

«ከማዶ እሾህ አይታይም» አለች። «ቁንጫም አይታይም። ግድ የለም፣ ዛሬ እዚህ ይደሩና ጠዋት ይነግሩናል።»

እንግዳውም ሳቀ። ዝናቡ ሲያባራ መርቋቸው ሄደ።

ሰውየው ግን አልሳቀም። ነገሩ ውስጡ ገባ። አርባ ዓመት ኖሬበት ያላየሁትን መንገደኛ በአንድ ጠዋት እንዴት አየው አለ። በዚያ ሳምንት ከካቡ ሥር ያለችውን አንዲት ጠባብ እርከን ብቻ አረሰ። አረሰ ስልሽ ከድንጋይ ጋር ታገለ ማለቴ ነው። ድንጋይ እየለቀመ፣ ቀና እያለ ማዶን ያያል። ማዶው ተራራ ነው። ምንም የለበትም። ከዚያ ሆኖ ወደዚህ ማየት ምን እንደሚመስል ማወቅ አማረው።

ወሩ ሐምሌ ገባ። የጤፍ መሬት ሦስተኛ እርሻ የሚፈልግበት ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ቀን የሰነፈ ዓመቱን ሙሉ ይከፍላል። በሐምሌ በሬውን አስሮ ቤቱን ለማየት ተራራ የሚሻገር ገበሬ ደግሞ መሳቂያ ነው። ሰውየው ይህን ያውቃል። ስለዚህ ለማንም አልተናገረም። አንድ ጠዋት ልረስ ነው ብሎ ከቤት ወጣ። በሬዎቹን ከማሳው ራስ አሰራቸው፤ ቀንበሩንና ሞፈሩን አጠገባቸው አኖረ። ከዚያ በካቡ ጥግ ተደብቆ ወደ ገደሉ ወረደ።

ማዶ ሲደርስ ቀትር ሆኗል። መንገደኞች የሚያርፉበት ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እዚያ ተቀመጠ። ጉም ከወንዙ እየተነሣ ወደ ላይ ይሄዳል። እስኪገለጥ ጠበቀ። ሲገለጥ ቤቱን አየ።

ውብ ነበር። እንግዳው አልዋሸም።

ቤት ውስጥ ዓይኑን የሚያቃጥለው ጭስ ከማዶ ሰማያዊ ነው፤ ከሣር ክዳኑ ላይ ቀስ ብሎ ይነሣል። አባቱ ወገቡ እስኪጎብጥ የካበው ካብ በተራራው አንገት ላይ እንደ ማተብ ተጠምጥሟል። ከቤቱ በስተቀኝ ቀይ መሬት አለ። እዚያ ላይ አንድ ክረምት ናዳ ወርዶ ወንድሙን ከነበጎቹ ቀብሮታል። ያ ከማዶ ሲታይ አረንጓዴ ላይ የተሰጣ ቀይ ኩታ ይመስላል። ሰውየው የወንድሙን መቃብር አይቶ አማረኝ አለ። ማለቱ አሳፈረው። ዓይኑን ግን አላነሣም።

ሚስቱ እንስራ አዝላ ከምንጭ ስትመለስ አያት። ከዚያ ወደ ማሳው ተመለከተ። ማሳው ውስጥ ሰው ያርሳል።

በሬዎቹ የእሱ ናቸው። ነጩ ግንባር ከዚያ ድረስ ይታያል። መጀመሪያ ጎረቤት መጥቶ የሚያግዘው መሰለው። ከዚያ የሰውየውን አረማመድ አየ። ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል። ትከሻው ላይ ያደረገው የእሱ የበግ ቆዳ ደበሎ ነው። እሱ ግን ደበሎውን ለብሶት ተቀምጧል። በእጁ ዳሰሰው። አለ።

ሌላም ነገር አስተዋለ። ማዶ ሆነሽ ሲታረስ ብታዪ ጅራፉ መጀመሪያ ይታይሻል፤ ድምፁ ቆይቶ ይደርስሻል። የዚያ ሰው ጅራፍ ይወዛወዛል፤ ድምፅ ግን አልመጣም። ገበሬ ሲያርስ ያንጎራጉራል፣ በሬውን ይሰድባል፣ ይለምናል። ያ ዝም ብሎ ያርሳል። ትልሙ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው።

ሰውየው ከድንጋዩ ተነሥቶ ሚስቱን በስሟ ጠራት። እሷ እንስራዋን አወረደች። ሁለተኛ ጠራት። በደንቡ መሠረት ደጅ ላይ ቆማ ጠበቀች። ሦስተኛውን መጥራት፣ ስሙን መናገር ብቻ ቀረው። ያን ጊዜ አፈረ። እኔ እገሌ ነኝ ካለ፣ እዚያ ምን ትሠራለህ ትለዋለች። መልሱ ተቀምጫለሁ ነው። በሐምሌ። እናም አልጠራም። ሚስቱ ትንሽ ቆማ እንስራዋን አንሥታ ገባች።

በማሳው ውስጥ ያለው ግን በሬዎቹን አቆመ። ፊቱን አዞረና ወደ ማዶ አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ተመልሶ ማረሱን ቀጠለ።

ሰውየው ቁልቁለቱን እየተንከባለለ ሊመጣ ምንም አልቀረው። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሲደርስ ማሳው ውስጥ ማንም የለም። በሬዎቹ እንዳሰራቸው ታስረዋል፤ እግራቸው ግን ጭቃ ነው። አንድ ጥማድ የሚሆን መሬት ታርሷል። ሚስቱ እግሩን አጠበችው፤ እራት አቀረበችለት።

«ዛሬ ጥሩ አረስክ» አለችው። «ደግሞ እንዴት ያለ ዝምታ ነው? አንድም ጊዜ ያንን መጋል ስትሰድበው አልሰማሁም። ታረቃችሁ?»

ከማዶ የሆነ ነገር ሁለት ጊዜ እንደጠራት፣ ሦስተኛ እንዳልጠራም ነገረችው። ድምፁ የምታውቀው ድምፅ ይመስላል አለች። ሰውየው እሱም እንደሰማ ተናገረ። ደግ አደረግሽ፣ አልመለስሽም አላት። እንጀራውን ጎረሰና ሌላ ነገር አወራ።

እዚህ ላይ ይህን ሰው ሞኝ አትበይው። ያን ቀን ፈርቶ ነበር። ጠዋት ሲነሣ ግን ፍርሃቱ ሌሊቱን ተኝቶ ነቅቷል፤ ቀንሷል። መሬቱ ታርሷል። ወገቡን አላመመውም። ያየው ነገር ደግሞ ከዓይኑ አልወጣም። አንድ ቀን ብቻ ልጨምር አለ። ሰው አብዛኛውን ጥፋቱን የሚያጠፋው አንድ ቀን ብቻ እያለ ነው።

ስለዚህ ደግሞ ሄደ። በማግስቱም ሄደ። በየቀኑ ቀትር ላይ እዚያ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ቦታው በየቀኑ ይበልጥ ያምራል። ያኛውም በየቀኑ ያርሳል፤ ከማሳው ወዲያኛው ጫፍ አይጠፋም፤ ወደ ቤቱም አይጠጋም። ሚስቱ ከሩቅ ታየዋለች፣ ባሌ ነው ትላለች። ሰውየው ማታ ሲገባ ከእርሻ የመጣ ይመስላታል። ማሳው እንደዚያ ዓመት አምሮ አያውቅም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ጎረቤቱ እጁን ይዞ ቀለደበት።

«አንተ፣ ዘንድሮ ትልምህ በክር የተሰመረ ነው የሚመስለው። ማን ነው የሚያርስልህ?» አለው።

ሰውየው ሳቀ። ሳቁ ከሚገባው በላይ ረዘመ።

በአምስተኛው ቀን የገዛ ውሻው ጮኸበት። ጠረኑን አሽትቶ እንኳ አላመነም፤ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ያጉረመርም ነበር። በስድስተኛው ቀን ማታ ገበታ ላይ ሚስቱ እጁን ያዘችው፤ ገልብጣም አየችው።

«እጅህ ምን ሆነ?» አለች። «የሙሽራ እጅ መሰለ።»

አየው። የእርፉ እንጀራ፣ ያ ከልጅነቱ ጀምሮ መዳፉ ላይ የተጋገረው ቆዳ፣ ተልጦ ሄዷል። ከድንጋይ ያገኘው ጠባሳም የለም። እጁ ነጭና ለስላሳ ነው። ዝናብ ነው፣ ውሃ አበስብሶት ነው አላት። እጁን ግን ቶሎ አልለቀቀችውም። በመጨረሻ የአገሩ ሽማግሌዎች ነገ ይዘራ እንዳሉ ነገረችው። ቁናውን አዘጋጅቻለሁ፣ ከማሳ እንዳትርቅ አለችው።

የመዝሪያው ቀን በዚያ አገር ሌላ ደንብ አለው። አገሩ ሁሉ በአንድ ቀን ይዘራል። የመጀመሪያዋን እፍኝ ባል ከቁናው አያነሣትም። ሚስት ናት በገዛ እጇ አፍሳ ባሏ መዳፍ ላይ የምታፈሰው። ያቺ እፍኝ ማን መዳፍ ላይ ከወረደች፣ ማሳው የዚያ ሰው ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ቤቱም የእሱ ነው።

በማግስቱ ሰውየው ማሳው ላይ ነበር። ከእንግዲህ አልሄድም ብሎ ቆርጧል። በሬዎቹን ሊጠምድ ቀረበ። መጋሉ ሸሸው። ቦራው ቀንዱን ነቀነቀበት። በግድ ጠመዳቸውና እርፉን ጨበጠ። እንደ ጨበጠ መዳፉ ተላጠ። በሬዎቹ አንድ እርምጃ አልሄዱም። ሰደባቸው፤ ድምፁን እንደማያውቁት ሁሉ ጆሯቸውን አልመለሱም። ከታች የጎረቤቶቹ ድምፅ ይሰማል፤ ሁሉም ለመዝራት እየወጣ ነው። አንዱ መጥቶ እንዲህ ሆኖ ቢያገኘኝ ምን እላለሁ አለ። ያኛው ያውቅበታል አለ። እርፉን ለቀቀና ወረደ።

ይህንን እያሰብሽ ስሚ። ቤቱን ጥሎ አልሄደም። ሊያየው ሄደ።

ቀትር ላይ ድንጋዩ ጋ ደረሰ። ጉሙ ተገልጧል። አገሩ ሁሉ ከላይ እስከ ታች ሰው ነው፤ ሴቶቹ ቁና ይዘው፣ ወንዶቹ ማሳቸው ራስ ላይ ቆመው። በሕይወቱ ከዚያ የሚያምር ነገር አላየም። በመካከሉ የእሱ ማሳ አለ። ያኛው ቆሟል። ዛሬ ወዲያኛው ጫፍ አይደለም ያለው። ቤቱ አጠገብ ነው። ሚስቱ ቁናውን በነጠላዋ ሸፍና ወደ እሱ ትሄዳለች።

ያን ጊዜ ሰውየው ነገሩ ገባው። ከዚያች እፍኝ በኋላ የሚመለስበት ቤት የለውም። ማታ ሲመጣ ውሻው ብቻ አይደለም የሚጮኽበት። ሮጦ እንዳይደርስ ግማሽ ቀን ነው። ያለው ድምፁ ብቻ ነው።

ሚስቱ ከያኛው ፊት ቆመች። ቁናውን ገለጠች። ያኛው ሁለት እጁን ዘረጋ። መዳፉ ላይ የእርፍ እንጀራ አለበት፤ ጠባሳውም በቦታው ነው። እሷ ያንን እጅ ታውቀዋለች። እጇን ወደ ዘሩ ሰደደች።

ሰውየው ጠራት።

እጇ ቁናው ውስጥ እንዳለ ቆመች። እሷ ብቻ አይደለችም። በደንቡ መሠረት አገሩ ሁሉ ቆመ። የዘረጋ እጁን እንደዘረጋ፣ የጎነበሰ እንደጎነበሰ ቀረ። ሁለተኛ ጠራት። በዚያ ሁሉ ተራራ ላይ አንድ ድምፅ የለም። ሁሉም ሦስተኛውን ይጠብቃል።

አንቺ ከተማ ስለከረምሽ ይህ ቀላል ይመስልሻል። ስም መናገር ምን ያስፈራል ትያለሽ። ግን ያን ጊዜ የሚሰማው ሚስቱ ብቻ አልነበረችም። በመዝሪያ ቀን፣ አገር ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ሲያዳምጥ፣ ገበሬው ማሳው ላይ እንዳልሆነ በገዛ አፉ ሊናገር ነው። ከዚህ በኋላ ልጅ አዋቂው ይስቅበታል። ደግሞም ሌላ ነገር ሆነበት። ስሙን ሊያወጣ አፉን ሲከፍት ስሙ የዚያኛው መሰለው። ማሳው ላይ የቆመው፣ ያረሰው፣ እጁ የሻከረው ያኛው ነው። እኔ ማን ነኝ ብዬ ልበል አለ።

ሚስቱ እጇን ከቁናው ስታወጣ አየ። እፍኟ ሞልቷል።

ስሙን እስካሁን ያልነገርኩሽ እሱም ያን ጊዜ ስለተናገረው ነው።

«እኔ ሙጨ ነኝ!» አለ። «ማዶ ነኝ። ተቀምጬ ነው ያለሁት።»

ሚስቱ ወደ ማዶ አላየችም። ፊቷ የቆመውን አየችው። በዚያ ሁሉ ቀን ከቅርብ ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። በኋላ ስትናገር፣ ፊቱ የእሱ ነበር፤ ድካም ግን አልነበረበትም አለች። ባሌን ከታጨሁለት ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ድካም የሌለበት ፊት ኖሮት አያውቅም አለች።

«አንተስ?» አለችው። «አንተ ማን ነህ?»

ያኛው ከንፈሩን አላንቀሳቀሰም። የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። ግራ እግሩን እየጎተተ በማሳው ዳር ሄደ፤ በካቡ ጥግ ታጠፈ። በካቡ ወዲያ ገደል ነው። ጎረቤቶቹ ሄደው አዩ። ጭቃው ላይ ዱካ አልነበረም።

እሷ እፍኟን ወደ ቁናው መለሰች። ከዚያ ወደ ማዶ ዞራ አቤት አለች። ዘሩን ይዤ እጠብቅሃለሁ፣ ና አለችው።

እስኪደርስ አሥር ሰዓት ሆነ። ሌላው ሁሉ ዘርቶ ገብቷል። ዝናብ ጀምሯል። እሷን ቁናውን በነጠላዋ ሸፍና ማሳው ላይ ቆማ አገኛት። አልተቆጣችውም። እፍኟን መዳፉ ላይ አፈሰሰች። ጤፉ በተላጠውና በደማው እጁ ላይ ተጣበቀ፤ እያራገፈ ዘራው። ጎረቤቶቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት «ተቀምጬ» ብለው ይጠሩት ነበር። እሱም አቤት ይላቸው ነበር።

ያ ዓመት አልፎ መስከረም ሲጠባ ማሳው ጉድ ሆነ። ጤፉ ከወገብ በላይ ወጣ። ነፋስ ሲነካው እንደ ውሃ ይሄዳል። የማዶ ሰዎች እሱን ለማየት ብለው እድንጋዩ ላይ ይሰበሰቡ ነበር ይባላል። እንደዚያ ያማረ ማሳ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልታየም። ኅዳር ላይ አጨዱት፤ አውድማ ላይ አበራዩት። ገለባ ነው። ፍሬ የለውም። ያኛው ያረሰው መሬት በሙሉ አንድ ፍሬ አልያዘም።

ፍሬ የሰጠችው ሰውየው ከመሄዱ በፊት፣ ያን ሳምንት ከድንጋይ ጋር እየታገለ ያረሳት፣ ከካቡ ሥር ያለችው ጠባቧ እርከን ብቻ ናት። ከማዶ አትታይም። ካቡ ይከልላታል። ያን ዓመት ከእሷ በተገኘው ጤፍ ጎመን እየቀላቀሉ ኖሩ፤ ጎረቤትም አልጨከነባቸውም። ሚስቱ ለዘር የሚሆነውን ከረሃቡ ደብቃ አቆየች። በሚቀጥለው ዓመት ሰውየው ያንን በክር የተሰመረ ትልም ሁሉ አፍርሶ እንደገና ከመጀመሪያው አረሰ። መጋሉ እስኪለምደው ወር ፈጀ። እጁም እንደገና ሻከረ።

ምሳሌው ይህ ነው። አሁን ወደ አንቺ ልመለስ።

አገራችን ውብ ናት ወይ ብለሽኛል። እኔ አላውቅም። እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አይቻት አላውቅም። ለገበያ ሳልፍ ፊቴን አልመልስም። የምኖርበትን ጠይቂኝ፤ የትኛው ድንጋይ ማረሻ እንደሚሰብር፣ የትኛው እርከን በክረምት ውሃ እንደሚያቁር እነግርሻለሁ። የሚያምር መሆኑን ማዶ ያለ ሰው ነው የሚያውቀው። ያ ሰው ያየው ነገር ውሸት አልነበረም። ጥፋቱ ማየቱ አይደለም። ጥፋቱ እሱ የሌለበትን ቤት እያየ ቤቴ ማለቱ ነው፤ መጥራቱን ጀምሮ ስሙ ላይ ማፈሩ ነው።

ፎቶሽን ደህና አድርጌ አየሁት። ያምራል። ለጓደኞችሽ አሳዪያቸው፤ ውብ ናት በያቸው፤ አንቺ ማዶ ሆነሽ አይተሻታልና። ግን ከቤቱ በታች፣ ማሳው መካከል አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች። ስልኩ ላይ የወደቀ ቆሻሻ መስላሽ በጣትሽ ስትጠርጊያት አየሁሽ። እኔ ነኝ። ትናንት ሦስተኛውን እያረስኩ ነበር። እናትሽም ደጅ ላይ ነበረች። አንቺ እድንጋዩ ላይ ቆመሽ ፎቶ አነሣሽ፤ አልተጣራሽም።

ለምን እንዳልተጣራሽ አልጠይቅሽም። ምናልባት አብረውሽ ከመኪናው የወረዱት ልጆች ፊት ገደል ለገደል መጮኽ አሳፈረሽ። ይገባኛል። ማዶ መኖርሽንም አልከለክልሽም። አንቺን ትምህርት ቤት የላክሁሽ እኔ ነኝ፤ አውቄ ነው የላክሁሽ። ግን ልጅ ማዶ ሆና ካልተጣራች ያስፈራኛል። አንድ ቀን አንቺን የምትመስል፣ በአንቺ እግር የምትሄድ፣ ፊቷ ላይ ድካም የሌለባት ልጅ ደጃችን መጥታ ብትቆም፣ እኔና እናትሽ በምን እንለያታለን?

መስከረም ላይ ወደ ከተማ ስትመለሺ እዚያ ድንጋይ ላይ ቁሚ። ፎቶሽንም አንሺ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ተጣሪ፤ በሦስተኛው ማንም ይስማ ማንም ይሳቅ ስምሽን ተናገሪ። እናትሽ በመጀመሪያው ሥራዋን ታቆማለች።

እኔም በሬዎቹን አቆማለሁ።